ለውሻ ሦስት ቤት

ሱሉልታ፣ በአንድ ውሻ አርቢ ግቢ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት፤ ጡረተኛው ሻለቃ ንጋቱ በግራ እጁ ጆንያ፣ በብብቱ የዘር መዝገቡን ይዞ አራሷ ውሻ ሰበብ ወዳለችበት ክፍል ሊገባ ሲል፣ ውሾቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትጠብቅለት አስካለች በሩን ዘግታበት ቆማለች።

ንጋቱ፦ ቁልፉን አምጪ ብያለሁ፤ ሁለቴ ተናገርኩ።

አስካለች፦ ሦስቴ ነው የተናገሩት። አሥሬ ቢሉም መልሴ ያው ነው።

ንጋቱ፦ ዶክተር ኤርሚያስ አራት ሰዓት ላይ እዚህ ይደርሳል። ያ ነጭ ካልሲ አድርጎ የተወለደ ቡችላ እናቱ ሥር ተኝቶ ሊያየው አይገባም።

አስካለች፦ ካልሲ ማድረግ ምን ነውር አለው? አገሩ ብርድ ነው።

ንጋቱ፦ አትቀልጂብኝ፣ አስካለች።

አስካለች፦ አልቀለድኩም። ሰበብ ስድስት ወልዳለች፤ ስድስቱም እየጠቡ ነው። አንዱን ከጡቷ መንጭቄ ለጆንያ አልሰጥም።

ንጋቱ፦ ጆንያ ያለ ማነው?

አስካለች፦ በግራ እጅዎ የያዙት ታዲያ ምንድን ነው? ድንች ሊገዙ ነው?

ንጋቱ፦ ለሰው ልሰጠው ነው።

አስካለች፦ ለማን? ስም ይጥሩልኝና በሩን ልክፈት።

ንጋቱ፦ ለጊዜው ከግቢ ይውጣ ነው የምልሽ።

አስካለች፦ ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ ለጊዜው የት ይከርማል? ወንዝ ውስጥ?

ንጋቱ፦ አርቢ የሚታወቀው ባስቀረው አይደለም፤ በጣለው ነው። ይህን ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ። አሁን ስሚኝ። በዚህ ግቢ ከቡላና ከአፈ ጥቁር ሌላ ውሻ ሳይወለድ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። ዶክተሩ ባለፈው ሲመጣ ያለኝን አንቺም ቆመሽ ሰምተሻል። የውሻ አርቢዎች ማኅበራቸው ለአንድ ዘር ስም የሚሰጠው እናትና አባቱን አይተው ልጁን አስቀድመው መናገር ሲችሉ ነው አለኝ። ዛሬ መዝገቡን አንብቦ፣ ቡችሎቹን አገላብጦ፣ እኔን አስፈርሞ «የሱሉልታ ቡላ» ብሎ ሊጽፈው ነው። ካልሲ ያለው ቡላ የለም።

አስካለች፦ ስሙ ጥሩ ነው።

ንጋቱ፦ ሌላ የምትይው የለሽም?

አስካለች፦ አለኝ። ለመስማት የተመቸዎት ስላልመሰለኝ ነው።

ንጋቱ፦ እንግዲያው እኔ ልጠይቅሽ። ነጩ ከየት መጣ? ከትናንት ጀምሮ መዝገቡን እያገላበጥኩ ነው። አባትየው ነብሮ ነጭ የለውም። ሰበብ የላትም። አያቶቻቸው የላቸውም። እዚህ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ነጭ የሚል ቃል የለም።

አስካለች፦ መዝገቡን ውሾቹ አያነቡትም።

ንጋቱ፦ አጥር ዘሎ የገባ ውሻ አለ?

አስካለች፦ የለም። አጥሩን ያጠሩት እርስዎ ነዎት፤ ጅብም አይዘለው።

ንጋቱ፦ ታዲያ?

አስካለች፦ እሷ ናት የወጣችው።

ንጋቱ፦ በሩ ተቆልፎ?

አስካለች፦ ተከፍቶላት።

ንጋቱ፦ ማን ከፈተላት?

አስካለች፦ ቁልፍ ያለው ሰው ነዋ።

ንጋቱ፦ አንቺ።

አስካለች፦ እኔ። በገመድ ይዤ ባሕር ዛፉን አቋርጬ ጎረቤታችን አቶ ቱፋ ግቢ ወሰድኳት። ሦስት ቀን ትቻት ተመለስኩ። እርስዎ ለጉልበትዎ ሕክምና አዲስ አበባ የሄዱ ጊዜ ነው። ነብሮ ብቻውን ሲያላዝን ከረመ።

ንጋቱ፦ ትዋሺያለሽ። ሌላ ነገር ልትሸፍኚ ነው።

አስካለች፦ ገመዷን ፈትተው ይልቀቋትና ወዴት እንደምትሄድ ይዩ። ባለፈው ክረምት አምልጣ ስትሮጥ በየት በኩል ነበር የሄደችው?

ንጋቱ፦ ወደ ባሕር ዛፉ።

አስካለች፦ ጥንቸል አይታ ነው አሉኝ። ዝም አልኩ። ዳለቻ የሚሉት የቱፋ ቡላ ጥሩ ውሻ ነው። የኋላ እግሩ ጣት ላይ ትንሽ ነጭ አለችው፤ አይቻት ነበር፣ ልጁ ላይ ይህን ያህል ትሰፋለች ብዬ ግን አላሰብኩም። በእሱስ ጥፋቱ የኔ ነው።

ንጋቱ፦ በእሱስ ማለት?

አስካለች፦ ሌሎቹ ነጭ አልነበራቸውም።

ንጋቱ፦ ሌሎቹ ያልሽው እነማንን ነው?

አስካለች፦ ይቀመጡ፣ ሻለቃ። ጆንያውን አጥፈው ይቀመጡበት፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል።

ንጋቱ፦ ቆሜ እሰማለሁ።

አስካለች፦ ቆመው የሚሰሙት አይደለም።

ንጋቱ፦ ይኸው ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ?

አስካለች፦ ከውሻችን ከሸጋ ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ አገናኚ ብለውኛል። አራቱን እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ።

ንጋቱ፦ ሰባቱን ግን ወደ ቱፋ።

አስካለች፦ ስድስቱን ወደ ቱፋ። አንዱን ወደ ቱፋ አማች።

ንጋቱ፦ ከሸጋ ወዲህ ስትዪ፣ ሸጋ ራሷ አለችበት?

አስካለች፦ የጀመርኩት በእሷ ነው። ወንዱን ውሻ መብረቅን በገዛ ሴት ልጁ ላይ ልቀቂው ብለውኝ ሄዱ። በልጁ ላይ። እኔ የቡልጋ ሰው ነኝ፤ እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። አክስቴ ልጇን ልትድር ስድስተኛው ቤት ላይ አንዲት የጋራ አያት ተገኘችና ሰርጉ ቀረ፤ ሰው ባዶ ሆዱን ወደየቤቱ ተመለሰ።

ንጋቱ፦ ያ የሰው ነው። ውሻ ሰባት ቤት አያውቅም።

አስካለች፦ እኔ አውቃለኋ። በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ።

ንጋቱ፦ ለውሻ ሰባት ቤት ቆጠርሽ?

አስካለች፦ ሰባትስ አልቆጠርኩም፤ ሰባት ብቆጥር ካገሩ ውሻ አይገኝም። ለሰው ሰባት፣ ለውሻ ሦስት ይበቃል ብዬ ቀነስኩ። ከሦስት ቤት ወዲህ ከሆነ ወደ ቱፋ፤ ሦስቱን ቤት ካለፈ እርስዎ እንዳሉት።

ንጋቱ፦ ማን ፈቀደልሽ?

አስካለች፦ የነፍስ አባቴን ጠይቄ ነበር። የሰዉን ጣጣ ሳልጨርስ የውሻ አትጨምሪብኝ ብለው አባረሩኝ። እኔም እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ንጋቱ፦ ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል ይባላል። አንቺ ከውሻም አነስሽ።

አስካለች፦ ጮኼልዎት ነበር። ዕውሮቹ የተወለዱ ጊዜ ጮኼልዎት ነበር፤ አልሰሙኝም።

ንጋቱ፦ ምን እንዳፈረስሽ አይገባሽም። አንድ ጎበዝ ውሻ ዕድል ነው፤ ማንም ባላገር ይገጥመዋል። ልጁም የልጅ ልጁም ጎበዝ ሲሆን፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ከስድስቱ አንዱን ብታነሺ ያው ሲሆን ነው ዘር የሚባለው። ያ ደግሞ ዘመድን ከዘመድ ካላጠጋጉ አይመጣም። የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ሆኜ ውሻ ማሠልጠኛ ስገባ፣ የውጭ አገር አሠልጣኛችን ከገጠር የመጣ አንድ ውሻችንን አየና በአስተርጓሚ ተናገረ። አስተርጓሚው «ይሄ ውሻ አይደለም፣ የውሾች ቅራሪ ነው ይላሉ» አለን። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ የሰውየው ንግግር አይደለም፤ የራሴ ሳቅ ነው።

አስካለች፦ ይህን ነግረውኝ አያውቁም።

ንጋቱ፦ ለማንም አልተናገርኩትም።

አስካለች፦ ለዚያ ሳቅ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ቡችላ ወንዝ ያወረድነው።

ንጋቱ፦ ምን አልሽ?

አስካለች፦ ከሸጋ በፊት ያለውን አይርሱታ። የመብረቅን ልጅ ከገዛ እናቱ ከምንይሉኝ ጋር ያገናኙት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስድስት ወለደች። ሦስቱ ዓይናቸው ሳይገለጥ ቀረ፤ አሥራ አምስት ቀን ጠበቅን፣ ሃያ ጠበቅን። አንዷ ላንቃዋ የተሰነጠቀ ነበረች፤ የጠባችው ወተት በአፍንጫዋ ይወጣል። አራቱን ይዘው ወደ ወንዝ ሲወርዱ አካፋ ተሸክሜ የተከተልኩዎት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ያሉኝን ያስታውሱታል?

ንጋቱ፦ አላስታውስም።

አስካለች፦ «ይህ ዘር የማቆም ግብር ነው» አሉኝ። ግብር። ባሌን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከእንግዲህ ለዚህ ሰው አካፋ አልሸከምም ብዬ ማልኩ። ይኸው አልተሸከምኩም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚህ ግቢ ዕውር ወጥቷል? አንካሳ ወጥቷል?

ንጋቱ፦ አልወጣም።

አስካለች፦ ለምን ይመስልዎታል?

ንጋቱ፦ የመብረቅ ደም ነው ብዬ ነበር።

አስካለች፦ የመብረቅ ደም። ሸጋ ሰባት የወለደች ቀን፣ ሰባቱም ቡላ፣ ሰባቱም አፈ ጥቁር፣ ጠጅ አስመጥተው ጎረቤት ጠሩ። አባትን ከልጅ አገናኝቼ ያገኘሁት ፍሬ ይኸው እያሉ አንድ በአንድ እያነሱ አሳዩ። ዘር ከልጓም ይስባል አሉ። ቱፋም ከጠጪዎቹ አንዱ ነበር። እሱ ብርሌውን ይዞ እኔን ያየኛል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ንጋቱ፦ ያን ቀን ያውቅ ነበር?

አስካለች፦ ውሻው የሱ ነው፤ እንዴት አያውቅ?

ንጋቱ፦ ከዚያ ስድስት ዓመት ቆይቶ አንዲት ቡችላ ስጠኝ ብሎ መጣ።

አስካለች፦ ወተት እያፈላሁ ሰምቻችኋለሁ።

ንጋቱ፦ ዘሬን ከመንገድ ውሻ ጋር አላቀላቅልም አልኩት። ሰው ፊት። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት እግሩ ግቢዬን አልረገጠም፤ መንገድ ላይም ስንገናኝ ሰላም አንባባልም።

አስካለች፦ በማግስቱ ይቅርታ ልለው ሄጄ ነበር። ስድቡን ተይው፣ የልጅ ልጆቼን ደህና ያብላልኝ ብሎ ሳቀ።

ንጋቱ፦ ስትስቁብኝ ነው የኖራችሁት።

አስካለች፦ የሳቀው እሱ ነው። እኔ ስፈራ ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ከቀጠሮዎ አንድ ቀን ቀድመው መጡ። ሴቷ ቱፋ ዘንድ ናት። ባሕር ዛፉን በሩጫ አቋርጬ ከቱፋ አመጣኋት፤ ከነገመዷ ወንዝ ከትቼ አርጥቤ፣ ቁንጫ በዝቶባት ሳጥባት ነበር ብዬ ነው ያስገባኋት። እሷ በብርድ ተንቀጠቀጠች፣ እኔ በፍርሃት። እርስዎ ጎበዝ ብለውኝ ፎጣ አቀበሉኝ።

ንጋቱ፦ ለምን አልነገርሽኝም? የጠጁ ዕለት እንኳ ባይሆን በማግስቱ?

አስካለች፦ ደስ ብሎዎት ነበራ። ከዚያ በፊት ሻለቃ ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ሌላ ወለደች። ከዚያ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ሆነብኝ፤ እንደጎነበስኩ ቀረሁ።

ንጋቱ፦ የሰረቅሽው ግመል አይደለም፤ ዕድሜዬን ነው። ዛሬውኑ ክፍሉን ትለቂያለሽ።

አስካለች፦ እለቃለሁ። ዕቃዬ አንድ ሳጥን ነው። ይህን ቁልፍ ግን ዶክተሩ ስድስቱንም ካየ በኋላ ነው የማስረክበው።

ንጋቱ፦ እሱ ፊት አፍሽን ብትከፍቺ።

አስካለች፦ ምን ያደርጉኛል? ክፍሉን እንደሆነ ለቅቄያለሁ።

ንጋቱ፦ እሺ፤ በቁጣ አይሆንም። በደንብ እናስበው። ዶክተሩ ደም አይመረምርም። ዓይኑ ያሳየውን ያያል፣ መዝገቡ ያለውን ያነባል። አምስት ቡላ ቡችሎች አሉ። ያ አንዱ ለግማሽ ቀን ዞር ይበል። አልገድለውም፤ የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ። አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔ እፈርማለሁ። ክፍልሽም ክፍልሽ ነው።

አስካለች፦ ደህና አሰቡት።

ንጋቱ፦ ተስማማን?

አስካለች፦ አንድ ነገር ይንገሩኝና። ዶክተሩ መዝገቡን ለምን ይፈልገዋል?

ንጋቱ፦ ነገርኩሽ እኮ፤ ሊመሰክርለት።

አስካለች፦ ሌላም ብሎ ነበር። ባለፈው ሻይ ስቀዳለት ጆሮዬ እዚያው ነበር።

ንጋቱ፦ አሠራሩን አሳትሞ ለሌሎች አርቢዎች ያዳርሰዋል። እኔ የሄድኩበትን መንገድ እንዲከተሉ።

አስካለች፦ እርስዎ ያልሄዱበትን መንገድ።

ንጋቱ፦ አስካለች።

አስካለች፦ አንድ ሰው፣ ደብረ ብርሃን ይሁን አርሲ፣ ወረቀቱን ይዞ ይቀመጣል። ሻለቃ ንጋቱ አባትን ከልጁ አገናኝተው ሰባት ጤነኛ አገኙ ይላል ወረቀቱ። እሱም ያገናኛል። የሚያገኘው ግን እርስዎ መጀመሪያ ያገኙትን ነው። ሻለቃው አይሳሳቱም፣ እኔ ነኝ አያያዙን ያላወቅሁበት ብሎ ደግሞ ይሞክራል፤ ደግሞ ጆንያ፣ ደግሞ ወንዝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ ማለት ይኸው ነው። እኔ በልቤ የቆጠርኩትን ሦስት ቤት ለዚያ ሰው የሚነግረው የለም።

ንጋቱ፦ አራት ሰዓት ሊሞላ ነው።

አስካለች፦ ይፈርሙ እንግዲህ። እጅዎን አልይዝም።

ንጋቱ፦ ካልፈረምኩ ምን ቀረኝ? ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። እንደገና የምጀምርበት ዕድሜ የለኝም።

አስካለች፦ ውሾቹ አሉልዎት።

ንጋቱ፦ የኔ አይደሉማ። አሁን ነገርሽኝ እኮ።

አስካለች፦ እንደሱ አላልኩም። ከቱፋ ውሾች መሐል ያገኘሁትን ጎትቼ አልመጣሁም። ቡላውን መረጥኩ፣ አፈ ጥቁሩን። ያለ ነገር የሚጮኸውን ተውኩ። ሕፃን ጆሮውን ሲጎትተው የሚታገሠውን፣ ጅብ ሲመጣ ከበረቱ ደጅ የማይሸሸውን ፈለግሁ። ይህን ሁሉ ከማን ተማርኩት? ገበያ ስወርድ ውሻ ባየሁ ቁጥር፣ ይህን ሻለቃ ያስቀሩት ነበር ወይስ ይጥሉት ነበር እላለሁ። ቃሪያ መግዛቴን ረስቼ የምመለስበት ቀን አለ።

ንጋቱ፦ አንድ ነገር አልገባኝም። ባዳ ደም ሲገባ መልክ ይበተናል። ሰባት ጊዜ ባዳ አስገብተሽ እንዴት ሳይበተን ቀረ? ምርጫ ብቻ ይህን አያደርግም።

አስካለች፦ ምንይሉኝን ከየት ነበር ያመጧት?

ንጋቱ፦ ከዚሁ ከተራራው ሥር፣ ከብት ከሚያግዱ አንድ ሽማግሌ። ስማቸውን አልጠየቅሁም።

አስካለች፦ የቱፋ አባት ለመንገደኛ ሁሉ ቡችላ ይሰጡ ነበር ይባላል።

ንጋቱ፦ ምን ማለትሽ ነው?

አስካለች፦ ያላየሁትን አልናገርም። ቱፋ ግን የውሾቹን አባት እስከ አምስት ድረስ ይቆጥራል፤ እንደ ሰው።

ንጋቱ፦ እርሳስ ትይዢ ነበር፤ ስጪኝ።

አስካለች፦ ይኸው።

ንጋቱ፦ የሸጋ ልጆች። አባት መብረቅ የሚለውን ሰረዝኩ። ማን ልበል?

አስካለች፦ ቦሩ።

ንጋቱ፦ ቦሩ። ቀጥሎ ያለችው።

አስካለች፦ ያቺን እንዳዘዙኝ ነው፤ ከመብረቅ የወንድም ልጅ ጋር። ሦስቱን ቤት ጨርሰዋል። እንዳይሰርዙት።

ንጋቱ፦ ሦስተኛዋ?

አስካለች፦ የቱፋ አማች ውሻ። ስሙን አላውቀውም፤ አንድ ጆሮውን ጅብ ወስዶታል።

ንጋቱ፦ ስም የሌለው ውሻ መዝገብ ላይ አልጽፍም።

አስካለች፦ ስምማ ይኖረዋል። እኛ ነን የማናውቀው።

ንጋቱ፦ ዶክተሩ ደግሞ እስከ አያት ድረስ ነው የሚጠይቀው። የቦሩ አባት ማነው?

አስካለች፦ ያንን ቱፋን ነው መጠየቅ።

ንጋቱ፦ ሂጂና ጠይቂልኝ።

አስካለች፦ አራስ ጥዬ አልሄድም። ደግሞም የሰደቡት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አይደለሁም።

ንጋቱ፦ አሥራ ሁለት ዓመት ያልረገጥኩትን ደጅ ዛሬ ምን ብዬ ልርገጠው?

አስካለች፦ ደህና አደርክ ወይ ብለው። ከዚያ ስለ ቦሩ ይጠይቁት። በውሾቹ ከመጡበት ሌላውን ለማንሳት ጊዜ አያገኝም።

ንጋቱ፦ ውሾቹ በሩ ላይ ናቸው?

አስካለች፦ ሁለቱ አይጠፉም። አይሩጡ፣ ዱላም አያንሱ። እጅዎን ያስሸትቷቸው፤ የሰበብን ሽታ ያውቃሉ።

ንጋቱ፦ መዝገቡን እንቺ፤ ዝናብ እንዳይነካው። ሄድኩ።

አስካለች፦ መጣሁ፣ መጣሁ፤ የመኪናውን ጥሩምባ ይተዉልኝ፣ አራሷ ትደነግጣለች። ይግቡ ዶክተር ኤርሚያስ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሻለቃ የአያት ስም ሊጠይቁ ጎረቤት ሄደዋል። ቡችሎቹ ስድስት ናቸው፤ አንዱ እግሩ ነጭ ነው፣ እሱንም ያዩታል። መዝገቡ ይኸው፤ ገና እየታረመ ስለሆነ ስርዙን አይታዘቡን። የሚጠይቁትን እኔን ይጠይቁኝ፤ ያዳቀልኳቸው እኔ ነኝ።